መሬት የሚቆነጥጥ መኪና የግድ ወገብ መቁረጥ አለበት?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ2010 (እ.ኤ.አ.) ኮሮላ አለኝ። በየቀኑ ከአያት ሜክሲኮ እመላለሳለሁ፤ በወር አንዴ ሁለቴ ደግሞ ቤተሰብ ጥየቃ ደብረ ብርሃን እሄዳለሁ። ከ90 በላይ ስነዳው እንደ ጀልባ ይዋዥቃል። ኮብልስቶን ላይ ደግሞ ይንቀጠቀጣል፣ ይንኳኳል። እናቴን ወገባቸውን ያማቸዋል፤ ከኋላ ሲቀመጡ በየጉድጓዱ ያቃስታሉ። አንድ ጋራዥ ‹ስፖርት ሾክ፣ አጭር ሞላና 17 ቸርኬ አስገባለት፣ መሬት ይቆነጥጣል› አለኝ። ጓደኛዬ በተቃራኒው ‹ሞላው ውስጥ ላስቲክ አስገብተህ ከፍ አድርገው› ይላል። ምቾትና መሬት መያዝ አብረው አይሄዱም ማለት ነው? የቱን ልምረጥ?»

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ ጋራዡ ያለህንም ጓደኛህ ያለህንም አታድርግ። ገንዘብህን ኪስህ ውስጥ አቆየውና ምክንያቱን ልንገርህ። ሥራዬ ይኸው ከመኪና ሆድ ሥር ተኝቶ የሚንኳኳውን ነገር መፈለግ ስለሆነ ትንሽ ብረዝም ይቅር በለኝ።

ጥያቄህ ውስጥ ሁለት ምልክት አለ። በፍጥነት ሲሄድ መዋዠቅ አንድ፣ ኮብልስቶን ላይ መንኳኳት ሁለት። ለስላሳ ሆኖ የተሠራ መኪና ሊዋዥቅ ይችላል፤ አይንኳኳም። ደረቅ ሆኖ የተሠራ መኪና ሊነዝርህ ይችላል፤ አይዋዥቅም። ሁለቱንም ጥፋት አንድ ላይ የሚያሳይህ ያረጀ መኪና ነው። ኮሮላህ ከፋብሪካ ከወጣ አሥራ አምስት ዓመት ሞልቶታል። ያኔ የነበረው ምቾትም፣ ያኔ የነበረው መሬት አያያዝም ዛሬ የለም። አንተ አሁን «ምቾት ይሻለኛል ወይስ ስፖርት» እያልክ የምታማርጠው መኪናው ሁለቱንም ካጣ በኋላ ነው።

ከስሙ እንጀምር። ሾክ አብዞርበር የሚለው ስም ብዙ ሰው አሳስቷል። የመንገዱን ምት የሚውጠው ሞላው ነው፤ ሾኩ አይደለም። ጎማህ ጉድጓድ ሲገባ ሞላው ይጨመቃል፣ ምቱን ይቀበላል። ሞላ ግን አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ የዋጠውን መልሶ ይተፋል። ብቻውን ቢተው መኪናው ከአንዲት ጉድጓድ በኋላ አምስት ስድስት ጊዜ ይዘላል። ሾኩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ ሲያልፍ የሞላውን ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ከረጅም ፒስታ ጉዞ በኋላ ሾኩን በእጅህ ብትነካው ሞቆ ታገኘዋለህ። ያ ሙቀት መኪናህ ሊዘል አስቦ ሳይዘል የቀረው ዝላይ ነው። የድሮዎቹ መካኒኮች ከጣልያኑ ወስደው አሞርቲዛተር ሲሉት ይሻል ነበር፤ ቃሉ ማብረድን ነው የሚናገረው።

የቤት መኪና ሞላ የሚመረጠው መኪናው በሰከንድ ከ1 እስከ 1.5 ጊዜ ቀስ ብሎ እንዲወዛወዝ ተደርጎ ነው። ዝም ብለህ ብታስበው ቀስ ብሎ ከሚራመድ ሰው እርምጃ ጋር ይቀራረባል፤ ሰውነታችን ከልጅነቱ ጀምሮ የለመደው ውዝዋዜ ስለሆነ አያስቸግረንም። የስፖርት መኪና ወደ 2 ይጠጋል፣ የውድድር መኪና ከዚያም ያልፋል። አሁን የአንተን መዋዠቅ እናስላው። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መኪናህ በሰከንድ ወደ 28 ሜትር ይሄዳል። በሰከንድ 1.2 ጊዜ የሚወዛወዝ ከሆነ አንዱ ውዝዋዜ 23 ሜትር ያህል መንገድ ይፈጃል ማለት ነው። አስፓልቱ ላይ በዓይንህ የማታያት፣ በዚያ ርቀት የምትደጋገም ዝቅና ከፍ ያለች ሞገድ ካለች ሞላው ከሷ ጋር ይጨፍራል። ጤነኛ ሾክ ጭፈራውን በመጀመሪያው ዙር ይቆርጠዋል። የሞተ ሾክ ዝም ብሎ ያያል። ጀልባ ያልከው ይሄ ነው። እዚህ ላይ ሞላውን ብታደርቀው፣ ሾኩ የሞተ እስከሆነ ድረስ፣ የምታገኘው ቶሎ ቶሎ የሚወዛወዝ ጀልባ ነው።

ወደ እናትህ ልምጣ፤ ጥያቄህን ሳነብ ያሳሰበኝ የእሳቸው ነገር ነው። የተቀመጠ ሰው አከርካሪ በጣም የሚጎዳው በሰከንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ በሚሆን ንቅናቄ ነው። በዚያ መጠን ሲነቀነቅ ሆድ ዕቃውም አከርካሪውም አብሮ ይርገበገባል። የሰፈርህን ኮብልስቶን አስብ። ድንጋዩ አንድ ለአንድ ቢለካ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስትነዳ ጎማህ በሰከንድ ከ50 በላይ ድንጋይ ይረግጣል። ይህ እጅግ ፈጣን ስለሆነ ሞላውም ሾኩም ገና ሳይነቁ ያልፋል፤ የሚችለው ጎማውና በየመጋጠሚያው ያለው ጎሚኒ፣ ማለትም የላስቲክ ቀለበቱ፣ ነው። ታዲያ ኮብልስቶን ሲቆይ ይሰምጣል፤ የውኃ ቧንቧ የተቀበረበት፣ ከባድ መኪና ያለፈበት ቦታ ጎድጎድ ይላል። ጉድጎዱ በየአንድ ሜትሩ ከሆነ በዚያው በ20 ኪሎ ሜትር ስትሄድ በሰከንድ ከ5 እስከ 6 ምት ይመጣል፤ ልክ ወገብ በማይችለው መጠን። ፍጥነትህን ወደ 10 ስታወርደው ምቱ ወደ 3 ይወርዳል። ሽማግሌ ጭኖ ኮብልስቶን ላይ ቀስ የሚል ሹፌር ቁጥሩን ባያውቀውም ልክ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው ነገር በቀጥታ 17 ቸርኬውን ይነካል። የአንተ ኮሮላ በብዛት የሚመጣው በ195/65 አር15 ጎማ ነው። 65 ማለት የጎማው ጎን ቁመት ከስፋቱ 65 በመቶ ነው ማለት ነው፤ ሲሰላ 127 ሚሊ ሜትር። 17 ቸርኬ ላይ የሚገባው 215/45 ደግሞ 97 ሚሊ ሜትር ብቻ ይቀረዋል። ሦስት ሴንቲ ሜትር አየር አጣህ። ያ አየር በመኪናህ ላይ ካሉት ሞላዎች ሁሉ ርካሹና ፈጣኑ ነበር፤ የኮብልስቶኑን ምት የሚውጥልህ እሱ ነበር። በተጨማሪ ትልቁ ቸርኬ ከነጎማው ብዙ ጊዜ ይከብዳል። ከሞላው በታች ያለ ክብደት ሲጨምር ደግሞ ጎማው ጉብታ ላይ ወጥቶ ቶሎ አይመለስም፤ ለአፍታ አየር ላይ ይቀራል። አየር ላይ ያለ ጎማ ፍሬንም አይዝልህ፣ መሪም አይታዘዝልህ። «መሬት ይቆነጥጣል» የተባለልህ ዕቃ በእኛ መንገድ መሬት እንዲለቅ ያደርግሃል ማለት ነው። ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ቸርኬው እንደሚጎብጥና ጎማው በጎኑ እንደሚያብጥ አልነግርህም፤ አንዱን ጎሚስታ ጠይቀው፣ ሲስቅ ታየዋለህ።

እንግዲህ ስፖርት ሞላን ዝም ብዬ አላጥላላም። የሚሠራበት ቦታ አለው። የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድን የመሰለ ለስላሳ አስፓልት ላይ ሞላው ጠንከር፣ ሾኩ ጠበቅ ያለ መኪና ደስ ይላል። መሪውን ነካ ስታደርገው ወዲያው ይዞራል፣ ከባድ መኪና ስትቀድም አካሉ አይወላወልም፣ ጠመዝማዛ ላይ ምን እየሆነ እንዳለ በመቀመጫህ ይነግርሃል። ያ ስሜት እውነተኛ ነው። ስሜትና አቅም ግን አንድ አይደሉም።

ሰው ሁሉ መኪና መታጠፊያ ላይ ሲያዘነብል «ሊገለበጥ ነው» ብሎ ይሰጋል፤ ካላዘነበለ «ይዟል» ይላል። በቁጥር እንየው። ኮሮላህ ከነሰዉ 1,250 ኪሎ ይሁን። የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 55 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ በግራና በቀኝ ጎማ መካከል 1.5 ሜትር ይኑር። ጠንከር አድርገህ ስትታጠፍ፣ ማለትም ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል ከክብደቱ 40 በመቶ ሲደርስ፣ ከውስጥ ጎማዎች ወደ ውጭ ጎማዎች የሚተላለፈው ጭነት 183 ኪሎ ነው። አሁን በአጭር ሞላ 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርገው፤ የሚተላለፈው 173 ኪሎ ይሆናል። ይህን ሁሉ ወጪ አውጥተህ ያተረፍከው 10 ኪሎ ነው። አንድ ኩንታል ጤፍ ጭነህ ብትሄድ ይጠፋል። ሞላው ቢጠነክርም ቢለሰልስም ደግሞ የሚተላለፈው ጠቅላላ ጭነት ያው ነው፤ የሚለየው መኪናው ምን ያህል እያዘነበለ ያስተላልፈዋል የሚለው ብቻ ነው። እንዲያውም ኮሮላን በመሰለ መኪና ፊት ለፊት ያለው ሎወር አርም፣ ጎማውን ከታች ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ክንድ፣ መኪናው ዝቅ ሲል አቅጣጫው ይለወጣል፤ ከልክ ካለፈ መኪናው ይበልጥ ማዘንበል ይፈልጋል፣ የጎማውም የውስጥ ጠርዝ ያልቃል።

ማዘንበሉ ከልብ የሚያስጨንቅህ ከሆነ መፍትሔው ስታቢላይዘር ባር ነው፤ ግራና ቀኝ ጎማውን የሚያገናኘው የታጠፈ ብረት። ሁለቱ ጎማ እኩል ከፍና ዝቅ ሲሉ ዝም ይላል፤ መኪናው ሲያዘነብል ብቻ ይቃወማል። ፋብሪካዎች ሞላውን አለስልሰው መሬት የሚይዝ መኪና የሚሠሩበት አንዱ ብልሃት ይሄ ነው። በጣም ቢወፍር ግን አንድ ጎማ ብቻ ጉድጓድ ሲገባ ጭንቅላትህን ግራና ቀኝ ይወረውረዋል፤ ስለዚህ ፋብሪካው ያስቀመጠውን አትቀይር፣ ጫፎቹ ላይ ያሉትን ሊንኮች ግን አስፈትሽ። ኮብልስቶን ላይ የምትሰማው ኳ ኳ ከአሥር ስምንቱ እዚያ ነው ብል ብዙ አልሳሳትም።

ለስላሳ ሞላና መሬት መያዝ አብረው እንደሚሄዱ ምስክር ከፈለግህ እንግሊዛዊውን ኮሊን ቻፕማንን ጥራ። የሎተስን መኪና ፋብሪካ የመሠረተ፣ ዕድሜውን በውድድር ያሳለፈ ሰው ነው። የመንገድ መኪኖቹን ግን፣ በ1962 (እ.ኤ.አ.) የወጣውን ኢላንን ጨምሮ፣ በለስላሳ ሞላና በደንብ በተመጠነ ሾክ ነበር የሚሠራው። መኪናው ቀላል ይሁን፣ ጎማው መሬት አይልቀቅ፣ ነው ሐሳቡ።

ምስክሩ ከሩቅ ነው ካልክ ላዳን ውሰድ። ያቺ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ፣ አባትህ ምናልባት አምስት ሆነው የተሳፈሩባት። መነሻዋ ፊያት 124 ነው፤ በ1967 (እ.ኤ.አ.) በአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብሎ የተሸለመ ጎበዝ መኪና። ሶቪየቶች ለሙከራ ሲነዱት የራሳቸው መንገድ ሰባበረው። ታዲያ በ1970 የራሳቸውን ማምረት ሲጀምሩ ምን አደረጉ? ከመሬት ከፍ አደረጉት፣ አካሉን በወፍራም ላሜራ አጠነከሩት፣ የኋላውን ዲስክ ፍሬን በጭቃና በጠጠር የማይበላሸው ድራም ተኩለት፣ እግሩን እንደገና ሠሩት። ዝቅ አላደረጉትም። ትንሽ ቸርኬ፣ ረጅም ጎን ያለው ጎማ። አዲስ አበባ ላይ ይህን ያህል ዓመት የዘለቀችው በአጋጣሚ አይደለም። (መሪዋ ክንድ ያዝላል፤ እሱን አልክድም።)

አሁን አጭር ሞላ ሲገባ ምን እንደሚሆን አንድ ያየሁትን ላሳይህ። አንድ ልጅ እንዳንተው ኮሮላ ይዞ መጣ፤ አጭር ሞላና 17 ቸርኬ ካስገባ አራት ወሩ ነው። «ብቻዬን ስነዳ አሪፍ ነው፣ ሰው ስጭን ግን ጋሪ ይሆናል» አለኝ። የኋላውን ሾክ አቧራ መከላከያ ገለጥኩና በሚያብረቀርቀው ዘንግ ላይ ሽቦ የሚታሰርበትን ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ጠበቅ አድርጌ አሰርኩ፣ ታች ከሾኩ አካል ጋር አስነካሁት። ሾኩ በተጨመቀ ቁጥር ማሰሪያውን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ሲመለስ ማሰሪያው እዚያው ይቀራል። ስንት እንደተጨመቀ በሚሊ ሜትር ይነግርሃል፣ ዋጋው ከሻይ አይበልጥም። በዘንጉ የላይኛው ጫፍ ደግሞ ስፖንጅ የሚመስል መጋጫ ጎማ አለ፤ ሞላው ጨርሶ ሲጨመቅ ብረት ከብረት እንዳይጋጭ የተቀመጠ የመጨረሻ መከላከያ። ልጁ ብቻውን ሲቀመጥ እስከ መጋጫው 31 ሚሊ ሜትር ቀረው። አራት ልጆች ከጋራዡ ጠርቼ አስገባኋቸው፤ 12 ሚሊ ሜትር። ገና መኪናው ቆሞ ነው ይሄ! ሰፈሩን አንዴ ዞረን ስንመለስ ማሰሪያው ከመጋጫው ሥር ተጣብቆ አገኘሁት። መጋጫውን ስነካው እንደ ደረቀ ዳቦ እጄ ላይ ፈረሰ።

ሰው ጭኖ ሲሄድ መኪናው ያለሞላ ነበር የሚሄደው ማለት ነው፤ በመጋጫ ጎማ ላይ። መጋጫው ደግሞ ከሞላው ብዙ እጥፍ ደረቅ ነው። መታጠፊያ ላይ፣ በጉብታ መካከል፣ መኪናው እሱን ሲመታ የዚያ ጎማ ጥንካሬ በቅጽበት ይቀየራል፤ የኋላው ጎማ ያመልጣል። ለስፖርት ብሎ ያስገባው ነገር ስፖርቱንም ምቾቱንም ወሰደበት። አንተ ከእናትህና ከቤተሰብህ ጋር ደብረ ብርሃን ስትሄድ ስንት ሆናችሁ ነው የምትሄዱት? ሻንጣውስ?

ስለ ጓደኛህ ምክር ባጭሩ። በሞላው ቀለበቶች መካከል የሚሰካው ላስቲክ መኪናውን ከፍ የሚያደርገው ጥቂት ቀለበቶችን እንዳይሠሩ በማገድ ነው። የሚሠራው ቀለበት ሲያንስ ሞላው ይደርቃል፤ የቀሩት ደግሞ የታገዱትን ሥራ ጭምር ስለሚሸከሙ ውለው አድረው ይሰበራሉ። ከመኪናው ሆድ በታች ኮብልስቶን ይነካኛል ብለህ ከሆነ መጀመሪያ የራስህን ሞላ ቁመት አስለካ። አርጅቶ ከወረደ የፋብሪካውን ቁመት የያዘ አዲስ ሞላ ይመልሰዋል። ሌላ ጭንቀት አያስፈልግም።

ሞላ የሚያስቆርጥም አለ። እሱን አላወግዝም፤ ራሴ ስላደረግሁት። በሃያዎቹ መጀመሪያ ዕድሜዬ ዲኤክስ ኮሮላ ነበረችኝ። መካኒክ ነኝ ብዬ የኋላ ሞላዋን አንድ ቀለበት ቆረጥኩ። ሒሳቡን ያኔ አላውቀውም ነበር፦ ስድስት የሚሠራ ቀለበት ያለውን ሞላ ወደ አምስት ስታወርደው 20 በመቶ ይደርቃል። ያወቅሁት አምቦ ስሄድ ሆለታን እንዳለፍኩ ነው። አንድ ጉብታ ላይ በፍጥነት ወጣሁ፣ የኋላው ጎማ ተንጠለጠለ፣ ያጠረው ሞላ ከመቀመጫው ወጣ። ሲወርድ ጎን ለጎን ተቀመጠ። መኪናዋ እንደ አንካሳ ፍየል አንድ እግሯን ሰብስባ ቆመች። ከዚያ ክሪክ አውጥቼ፣ ገበሬዎች እየሳቁብኝ፣ ሞላውን በብረት እየፈለቀቅሁ ሁለት ሰዓት ፈጀሁ። ሰው ስላልጎዳሁ እግዚአብሔር ይመስገን።

እንግዲህ ምን ታድርግ? ከማያስወጣው ልጀምር። እማማን ጋቢና አስቀምጣቸው። ለአክብሮት ብቻ አይደለም። ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ከኋላው ጎማ አጠገብ ነው፤ የጎማውን ምት ሙሉውን ይቀበላል። ጋቢናው ግን በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ነው፤ አንዱ ጫፍ ሲነሳ ሌላው ዝቅ ስለሚል መሃሉ ላይ ያለ ሰው የሚደርሰው ያነሰ ነው። ሚዛን ላይ ልጆች ሲጫወቱ መሃሉ ላይ የቆመው እንደማይነሳው ማለት ነው።

ቀጥሎ የጎማ አየር። ጎሚስታው «ስንት ላድርገው?» ሲልህ «እንደ ፈለግህ» አትበል። በሹፌሩ በር በኩል ስትከፍተው የምታየው ወረቀት ላይ ቁጥሩ ተጽፏል፤ ጎማው ላይ ያለው ትልቁ ቁጥር ግን የጎማው የመጨረሻ አቅም ነው፣ እሱን አትከተል። ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ አስለካ። 40 እና ከዚያ በላይ ተነፍቶ የሚመጣ ስንት የቤት መኪና አይቻለሁ! ባለቤቱ «ሾኩ ደርቋል» ይላል፤ አየሩን ሳወርድለት ምርቃት ያወርድልኛል።

ከዚያ ክሪክ ላይ ይውጣና ይታይ። ሾኩ ላይ ዘይት ወርዶበታል? ትንሽ ላብ ችግር የለውም፤ አቧራ አጣብቆ ጭቃ የሠራ ዘይት ካለበት ግን ሾኩ ሞቷል። የጎማህን ፊት በመዳፍህ ዙሪያውን ዳስሰው፤ እየቆየ ጎድጎድ የሚል ከሆነ ጎማው ሲዘል ኖሯል። መኪናውን በማዕዘኑ ተጭነህ ለቅቀህ ስንት ጊዜ ይወዛወዛል የሚለውን ሙከራ ሁሉም ያውቀዋል። ጨርሶ የሞተውን ይነግርሃል፤ ግማሹ የሄደውን ግን አይነግርህም፤ እሱን አልፌያለሁ ብለህ እንዳትረጋጋ። የሎወር አርሙን ጎሚኒ በረጅም ብረት እየፈለቀቁ ይዩት፤ ከተሰነጠቀ በፍጥነት ስትሄድ መሪህ የሚንሳፈፍበት አንዱ ምክንያት እሱ ነው። የሾኩ የላይኛው መቀመጫ፣ የመሪ ቴስቲናዎች (መሪው ከጎማው ጋር የሚገናኝባቸው መጋጠሚያዎች)፣ የስታቢላይዘር ሊንኮች፤ እነዚህም ይታዩ። አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ ሁለት ሦስቱ አብረው አልቀዋል።

ሾክ ስትገዛ እንደ መጀመሪያው ያለውን ግዛ፤ ለምሳሌ ካያባ ለቶዮታ የሚያቀርበው ዓይነት። አስመስሎ የተሠራ ስለሚበዛ ካርቶኑን ሳይሆን ዕቃውን እይ። አዲስ በጋዝ የሚሠራ ሾክ ዘንጉን ወደ ውስጥ ስትገፋው እኩል ይቃወምሃል፣ ስትለቀው ቀስ ብሎ ራሱ ይወጣል። በመሃል «ባዶ» የሚሆን ቦታ ካለው መልሰው። ያገለገለ ሾክ ርካሽ ነው ብለው ይዘውልህ ከመጡ አትግዛ፤ የሌላ ሰው ኮብልስቶን ጨርሶታል። አንዱ ብቻ ቢሞትም የአንድ ጫፍ ግራና ቀኝ አብሮ ይቀየር፤ አለበለዚያ ፍሬን ስትይዝ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይወረወራል። አዲሱ ከመግባቱ በፊት ቆሞ እንደሚሠራ አድርገው ይዘው አራት አምስት ጊዜ እስከ መጨረሻ ይጨምቁት ይልቀቁት፤ ጋደም ብሎ የከረመ ሾክ ውስጡ አየር ይዞ ስለሚቆይ ነው። መጋጫ ጎማውንና የአቧራ መከላከያውን አብረህ ቀይር፤ ከሾኩ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደሉም።

አሁንም ትንሽ ጠበቅ ያለ ነገር ከፈለግህ፣ ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ፣ 205/55 አር16 የዚያው ኮሮላ የፋብሪካ ልክ ነው። የጎኑ ቁመት 113 ሚሊ ሜትር ነው። መሪው ይነቃቃል፣ ወገብም ብዙ አይጎዳም። ከዚያ በላይ አልሄድም። እናትህን ካየሁ ግን 15 ላይ እቆያለሁ።

«ሸጬው ኤሌክትሪክ ልግዛ» የሚል ሐሳብ ካለህ፣ ከ2024 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ብዙ ሰው እየጠየቀኝ ነው፣ የጎማውን ቁጥር አንብብ። ባትሪው ከታች ስለሆነ መኪናው መታጠፊያ ላይ ተረጋግቶ ይሄዳል። ክብደቱ ግን ቀላል አይደለም፤ ፎልክስዋገን አይዲ 4 2 ቶን ገደማ ነው፣ ያንን የሚሸከም ሞላ ደግሞ ጠንከር ያለ መሆን አለበት። በአንድ ሞዴል ውስጥ ትንሹን ቸርኬ የያዘውን ምረጥ፤ ሻጩ ትልቁን ሊያስወድድብህ ይሞክራል።

አንድ ነገር ለመካኒክህ ንገርልኝ፤ ሥራው ከተሠራ በኋላ ሁለት ወር ሳይሞላ ጎሚኒ ተቀደደ የሚባልበት ምክንያት በአብዛኛው ይሄ ነው። የሎወር አርሙን ብሎን መኪናው ክሪክ ላይ፣ እግሩ ተንጠልጥሎ ሳለ ጨርሶ እንዳያጠብቀው። እንዲያ ከጠበቀ መኪናው መሬት ላይ ሲወርድ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ዕድሜ ልኩን ተጠምዝዞ ይሠራል፣ ይቀደዳል፣ እስከዚያም ድረስ መኪናውን ያደርቀዋል። በእጅ ያስገባው፣ መኪናውን በጎማው ያቁመው፣ አንድ ሰው ያስገባበት፣ ያኔ ያጥብቅ። ከዚያ አላይመንት። ከዚያ ደብረ ብርሃን ስትደርስ ከ90 በላይ ያለውን ጻፍልኝ።